ክፉ ወሬ ከሆነ ነገ

እሁድ 19/10

አልነገርኳትም! ስንቴ ልበልህ? ስልኩን ጆሮዬ ላይ ባትዘጋው ጨርሼ እነግርህ ነበር፣ ኖአም። «አንቺ አፍሽ አያርፍም፣ አንድ ቀን ያመልጥሻል» ነው ያልከኝ? እኔ ነኝ የሚያመልጠኝ? አንተ ቀብር አድርሰህ ወደ ባሲስህ፣ ወደ ጦር ሰፈርህ ተመለስክ፣ ጓደኞችህ ትከሻህን መታ መታ አደረጉልህ፣ አለቀ። እኔ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የገዛ እናታችንን ዐይን ዐይኗን እያየሁ ዋሸሁ። አንተ ያው አንዴ ነው የዋሸኸው፣ በስልክ፣ ያውም ተንተባትበህ።

ታላቅ ወንድም ሆነህ መልሰህ ስለማትደውል እጽፈዋለሁ። ደብተሩን ከቢሉ ሴንተር ገዛሁ። በአማርኛ የምጽፈው ሥራ ቦታ ማንም እንዳያነብብኝ ነው። ስህተት ካለው ዶድ ውዱን ጠይቁት፣ ፊደሉን አሸዋ ላይ በብርቱካን ዱላ እየጻፈ ያስተማረኝ ዶድ፣ የእናቴ ወንድም፣ እሱ ነው።

ጠይቁት አልኩ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።

የሆነውን ልጻፈው፣ ነገ ሕልም እንዳይመስለኝ። ሐሙስ ጠዋት ዶድ ውዱ አሮጌዋ ማክሴሐ ላይ ሆኖ፣ ተቀምጠው የሚነዷት ሣር መቁረጫ ናት፣ ወደ ቦዩ የሚወርደውን ቁልቁለት እየቆረጠ ነበር። ውሃ የሚረጨው ቧንቧ ሳይዘጋ አድሮ ሣሩ ርሷል። ማሽኗ ተንሸራተተች። ተገለበጠች። እሱ ከሥሯ። እኔ በሩ ጋ ቅጠል እየጠረግሁ ነበር። ድምፅዋ ሲቆም «አሃ፣ ምሳ» ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ቀበርነው። እማ በዚያው ሳምንት ልቧን ከፍተው ሠርተውላታል፣ ዶክተሩ «እንዳትደነግጥ» ብሏል። ስለዚህ ቂርያት ዔቅሮን፣ አክስታችን ድንቅነሽ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ወሰኑ። እስክትጠነክር መርዶው አይነገራትም። ውዱ ለሥራ ጎላን ሄዷል፣ ስልክ አያነሣም። ይህን ማን ይንገራት? ሁሉም ወደኔ ዞረ። «አንቺ አብረሽው ነው የምትሠሪው። አንቺን ታምናለች።» አንተም ራስህን ነቀነቅክ። አይቼሃለሁ።

«ውሸታሞች ናችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ቄሱ ፊት። ድንቅነሽ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

ከዛ ሄጄ ዋሸሁ።

ሰኞ 20/10

ድንቅነሽ ሆስፒታል መጣች። ያቺ አልጋው ላይ ዘፍ ብላ የምትቀመጠው ሴትዮ ዛሬ በር ላይ ቆመች። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝሽ» አለች። ጭማቂውን እንኳ በእጇ አልሰጠቻትም፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እማ ጭማቂውን አየችው፣ አየችው። አልጠጣችውም።

ድንቅነሽ ስትሄድ «ውዱስ?» አለችኝ።

«ጎላን።»

«እዚያ ብርድ ነው። ካፖርቱን ይዟል?»

«ይዟል።»

ካፖርቱ መጋዘን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ረቡዕ 22/10

ሥራ ገባሁ። ያኒቭ፣ የቦታው ባለቤት፣ «ዕረፊ፣ ልጄ፣ ካፓራ፣ ቤት ሁኚ» ብሎኝ ነበር። ቤት ምን ልሥራ? ቤት እኮ ማንም የለም። ቤት ሴፈርም፣ ትምህርት ቤትም አልመለስም፣ ዳይሬክተሯ ፊት በሩን ወርውሬ ዘግቼ ከወጣሁ ወዲህ እነሱም አልፈለጉኝ፣ እኔም አልናፈቅኋቸው።

ቦታው ያው ነው። ድሮ የማገገሚያ ቤት የነበረ፣ አሁን ሰርግ የሚደገስበት፣ ዐይን እስኪታክተው ሣር። ማሽን የለንም። አሮጌዋ መጋዘኑ ጥግ ሸራ ለብሳ ተኝታለች። ሸራው ሥር ምን እንዳለ ስለማውቅ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ፊቴን ሳዞር ደሞ ጀርባዬን ለሷ ሰጥቼ ነው የምሄደው፣ እሱ ይብሳል።

እሾህ እየነቀልኩ ሳለ መጋዘን ውስጥ ስልክ ጮኸ። የሱ ስልክ። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ። አወጣሁት፣ «እህትዓለም ዘቢደር» ይላል። እማ ከሆስፒታል አልጋዋ ነው የምትደውለው። እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ እስኪጨርስ ቆምኩ። ከዛ እሷ የምትሰማውን እኔም ልሰማ ብዬ በኔ ስልክ ደወልኩለት።

«ውዱ ነኝ። ማሽን ላይ ነኝ፣ አልሰማም። ደግ ወሬ ከሆነ ተናገሩ። ክፉ ወሬ ከሆነ ነገ።» ከዛ ሳቁ።

ቻርጀር ሰካሁለት። ከጠፋ ትጠረጥራለች ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

እሁድ 26/10

ድንቅነሽን ጉንፋኑ ለቀቃት። ዛሬ አልጋው ላይ ወጥታ እማን ስማ አትጠግብም። እማ ዝም ብላ ተሳመችላትና «መቼ ነው የያዘሽ?» አለቻት። ድንቅነሽ «ምኑ?» አለች። አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እንኳ ከዚህ የተሻለ እዋሻለሁ!

ሥራ ቦታ ትልቅ ጠብ። አቪ የሚባል ነጋዴ ሁለት ማሽን በጭነት መኪና አምጥቶ ሣሩ ላይ አወረዳቸው። አንዷ እንደ አሮጌዋ ናት፣ ቢላዎቹ ያሉበት ሳህን ከሆዷ ሥር። ሁለተኛዋ ሳህኗ ከፊቷ ወጥቶ እንደ ከንፈር የተንጠለጠለ። ዶድ ውዱ ሲለምናት የኖረው እሷን ነው። «ሰው ምግቡን ከፊቱ ነው የሚያስቀምጠው እንጂ ከቂጡ ሥር አይደለም፣ ያኒቭ» ይለው ነበር። ያኒቭ ይስቃል፣ «በሚቀጥለው ዓመት» ይላል። በየዓመቱ።

ዛሬም ያኒቭ ወደ ርካሿ ሄዶ ኮፈኗን መታ መታ አደረገ። «ይቺ ትበቃናለች። የለመዳችኋት ዓይነት ናት።»

«የለመድናት ዓይነት?» አልኩ። «የለመድናትማ እዚያ ሸራ ለብሳለች።»

አቪ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል። አሳየሁት። በዚች ጎማው መጀመሪያ ሣሩን ይረግጠዋል፣ ቢላዋ ከኋላ መጥቶ የተኛውን ይላጫል፣ የተረገጠው በኋላ ቀና ሲል ሜዳው ያበደ ፀጉር አስተካካይ የነካው ራስ ይመስላል። በዛች ቢላዋ ይቀድማል፣ ጎማው የሚረግጠው የተቆረጠውን ነው። ብርቱካን ዛፍ ሥር አንቺ ቅርንጫፍ ፊትሽን ሳይገርፍሽ ሳህኑ ብቻ ይገባል። አግዳሚ ወንበር ሥርም ይገባል። ሣር ሲጠቀጠቅበት ሳህኑን ቀና አድርገሽ ትጠርጊዋለሽ፣ ከሥሯ መሬት ላይ አትንፏቀቂም። ከሁሉም በላይ የምትሄጂበትን ታያለሽ። ቢላዋ ሳይደርስ አንቺ ታዪዋለሽ።

«ልጅቷ ከኔ ጋር ትሥራ» አለ አቪ።

ያኒቭ «ዋጋዋን አይተሻል?» አለኝ።

«የደህንነት ቀስቷን አይተሃል?» አልኩት። ከወንበሩ ጀርባ ብረት ቀስት አለ፣ ማሽኗ ብትገለበጥ ሰውየውን እንዳትጫነው። «አሮጌዋም ነበራት። ለሰርግ የምትዘረጋቸውን መብራቶች እየበጠሰ ነው ብሎ ማን አስነቀለው?»

ያኒቭ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

«ያቺን አውርድ» አለው አቪን፣ ወደ ባለ ከንፈሯ እያሳየ። ወርዳ ቆማለች እኮ።

ሰኞ 27/10

ለምን እንደዛ አልኩት። ልክ ነበርኩ። ግን ፊቱ። ሃላስ፣ በቃ።

ሐሙስ 30/10

እማ ዛሬ ቤት ገባች። ጠዋት ቀድሜ ሰፈራችን ኦሺዮት ሄድኩ፣ የሕንጻችን መግቢያ ላይ የሞት ማስታወቂያው እንዳለ ነው። ጥቁር ክፈፍ፣ ስሙ በትልቁ። በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ሙጫው የማን እንደሆነ እንጃ፣ ስሙን አነሣሁት፣ የክፈፉ ጥግ ግን አልነሣ አለ፣ ጥፍሬ ደማ፣ ተውኩት።

ከታክሲ ስትወርድ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ እጄን ይዛ። እማ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም፣ ስለዚህ አልፈራሁም ነበር። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። «ትንፋሽ ልሰብስብ» አለች። በአንድ ጣቷ የቀረችውን ጥቁር ጥግ ዳሰሰቻት። ከዛ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ያላ» አለች፣ «እንውጣ።» እማ «ያላ» ብላ አታውቅም።

ደረጃው ላይ ሁለት ጎረቤቶች ያወሩ ነበር። ሲያዩን ዝም አሉ። ካለፍን በኋላ አንዷ «አልሰማችም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ልጅቷ» አለች። ልጅቷ! ተመልሼ ልሰድባት ነበር። የእማ እጅ ጠበቀብኝ።

ማክሰኞ 4/11

አዲሷን ነዳኋት።

መጀመሪያ የፎከርኩትን ሁሉ ከፈልኩ። መሪውን ስታዞሪው የሚዞረው የኋላ ጎማ ነው። ፊት ለፊት ሁሉ ሰላም ነው፣ ሳህኑ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ አንቺ ትኮሪያለሽ፣ ጅራቷ ግን ከኋላ ወደ ሌላ ጎን ይወረወራል። የያኒቭን ትልቅ የአበባ ገንቦ በጅራቷ አፈረስኩት። ያኒቭ ሮጦ ወጣ፣ እኔ «ከኋላ ነው የመታሁት፣ አላየሁትም» አልኩ። «የምትሄጂበትን ታያለሽ አላልሽም?» አለኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ ሐሙስ በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከዛ እጄ ገባ። ብርቱካኖቹ ሥር አስገባኋት፣ የወደቀ ብርቱካን ሳይ እያቆምኩ። ሜዳው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆነ። ዞሬ ሳየው ዶድ ውዱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚቆምባት ቦታ ማንም አልነበረም። ለምን አየሁ እዚያ?

ወደ ቦዩ የሚወርደውን ጥግ አልቆረጥኩም። ርጥብ ነው።

ማክሰኞ 11/11

ዝናብ። ሣሩ አበደ፣ በየቀኑ ያድጋል። ርጥብ ሣር ሳህኑ ውስጥ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ቀና አድርጌ በእንጨት እጠርጋለሁ።

ስልኩ በየቀኑ ከሰዓት ይጮኻል። እማ ናት። አትናገርም። መልእክት ብትተው እሰማው ነበር። ዝም ብላ የሱን ድምፅ ሰምታ ትዘጋለች፣ ሳቁ እስኪያልቅ። ማታ ቤት ስገባ «ውዱ ደወለ?» አትለኝም። ካቆመች ቆይታለች። እኔው ነኝ የማነሣው። «ሰላም ብሎሻል» እላለሁ፣ እሷ «ይድረሰው» ትላለች። ይድረሰው! እንዴት ነው የምትለው፣ እንደሚላክ ነገር።

ጥሪዎቹ መሃል የኔም ቁጥር አለ። ስታም፣ እንዲሁ ነው፣ ባትሪው እንዳለ ለማየት።

ጥጉን አልቆረጥኩም። ድንጋይ አለው።

እሁድ 16/11

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉ ከተበላሸ ለዚያ ነው።

የአዲሷ ማሽን ወንበር ሰው ያውቃል። ከተነሣሽ ሞተሩ ይጠፋል፣ እንዲህ ሆና ነው የተሠራችው፣ ሰው ቢወድቅ ቢላዋ እንዳይቀጥል። ዛሬ ብርቱካኖቹ ጋ ቅርንጫፍ ላነሣ ከወንበሩ ተነሣሁ።

አልጠፋችም።

ቆምኩ፣ አየኋት። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ቢላዎቹ ይዞራሉ፣ ልክ ሰው እንደተቀመጠበት። ንፋስ የለም። የወንበሩ ቆዳ መሃሉ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ምን እንዳልኩ ልጻፍ? «ዶድ፣ ተነሥ፣ አሁን የኔ ተራ ነው» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዛ ቁልፉን አጠፋሁና መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

አቪ በስልክ «ርጥበት ነው፣ ወንበሩ ሥር ያለው ማብሪያ ውሃ ገብቶታል፣ እስክመጣ እንዳትነኪያት» አለ። መጣ፣ አደረቀው፣ ቀየረው። ተነሣሁ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ ተቀመጥኩ፣ አሁን ትጠፋለች።

ርጥበት ነው። ቤሰደር፣ እሺ።

ከጠፋች በኋላ ያለው ዝምታ ግን ያው የዚያን ቀኑ ነው። ለእማ ልነግራት አፌ ላይ መጣ፣ የወንበሩን ነገር ብቻ። ዋጥኩት። አየህ ኖአም? እውጣለሁ።

ሐሙስ 20/11

ሲግድ፣ በዓላችን ነው። ድንቅነሽና ሌሎቹ ኢየሩሳሌም ወጡ፣ እማ አልቻለችም፣ ቤት በቴሌቪዥን አየነው። ነጭ ለበሰች። ነጠላዋን ግን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው ያደረገችው።

«እማ፣ ገልብጠሽዋል እኮ።»

«ብርሃን የለም፣ አላየሁትም» አለች። መስኮቱ በፀሐይ ተሞልቷል።

ላስተካክልላት ስል እጄን ያዘችው። «ተይው፣ ልጄ። ዛሬ እንዲህ ይሁን።»

ቄሶቹ ሲጸልዩ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዛ እንዲሁ፣ ከምንም ተነሥታ፣ «ውዱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ጉልበቴ ላይ ነበር። ጆሮው ሲያመው በመዳፌ ደፈንኩለት። መልካም ልጅ ነበር» አለች።

ነበር አለች። ልጅ ነበር ማለቷ ነው፣ ያኔ። አሁን ትልቅ ሰው ነው። እንደዛ ነው።

ሐሙስ 27/11

ከያኒቭ ጋር ተጣላሁ። በሚመጣው ሳምንት ሰርግ አለ፣ «ያን ጥግ ቁረጪው፣ ጉልበት ደርሷል፣ ጫካ ሆነ» አለኝ። ርጥብ ነው አልኩ። «ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ነው።» ድንጋይ አለው አልኩ። «ምንም ድንጋይ የለውም፣ ኤፍራት።» ቁልቁለት ነው አልኩ። «ለዚህ ማሽን ይህ ቁልቁለት አይደለም፣ አንቺው ነሽ የመረጥሻት።»

«ታዲያ አንተ ቁረጠው!» ብዬ ቁልፉን እግሩ ሥር ወረወርኩት።

አነሣውና ወደ ማሽኗ ሄደ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ጥጉ አየ። አጠፋት፣ ወረደ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዛ ቢሮው ገብቶ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፣ «በዚያ በኩል ጠረጴዛ አታስቀምጡ። አይደለም፣ አበባም አታድርጉ። በቃ ባዶ ይሁን» ይላል።

እሱም ይፈራል። እኔ አልፈራም እኮ። ርጥብ ነው ብዬ ነው።

ረቡዕ 3/12

እማ «ያቺን ማሽን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ዶክተሩ መራመድ ጥሩ ነው ብሏታል። «ምንድን ነው የምታዪው እማ፣ ሣር መቁረጫ ናት» አልኩ። «ውዱ ስንት ዓመት ያወራልኝ» አለች። «ዓርብ ሰው የለም አላልሽም? ዓርብ ውሰጂኝ።»

ለድንቅነሽ ደወልኩ፣ «እሽ በያት፣ ግን አፍሽን» አለችኝ። ሁላችሁም አፌን! ለአንተም ደወልኩ። አላነሣህም። ጥበቃ ላይ ነህ፣ ገባኝ። ሁሌም ጥበቃ ላይ ነህ።

ዓርብ 5/12፣ ከምሳ በኋላ

በረጅሙ እጽፋለሁ፣ ይህን አንተ ታነበዋለህና።

ጠዋት አመጣኋት። ያኒቭ አልነበረም። ብርቱካን ሥር ወንበር ሰጠኋት፣ ነዳሁላት። ጅራቷን እንዴት እንደማዞር አሳየኋት፣ ሳቀች፣ «እንደ ግመል ናት» አለች። ሳህኑን አግዳሚው ሥር ሳስገባው እጇን አጨበጨበች። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኖአም። ሞኝ።

ሞተሩን ሳጠፋ ከወንበሯ ተነሥታ መሄድ ጀምራለች። ቀጥታ ወደ ጥጉ። በዚህ ሁሉ ሜዳ ላይ ያልተቆረጠ እሱ ብቻ ነው፣ ዕውር እንኳ ያገኘዋል። እኔ ነኝ ምልክት ያደረግሁላት።

ሮጬ ደረስኩ። ሣሩ ጉልበቷ ድረስ ነው።

«ይሄስ?»

«ድንጋይ አለው።»

«ድንጋይ» አለች። ጎንበስ ብላ ሣሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ እንደ ሰው ራስ። «ብዙ ተሠቃየ?»

ምን እላለሁ? ንገረኝ፣ አንተ ብልሁ፣ ምን ትል ነበር?

«አላውቅም» አልኩ። «ድምፅዋ ቆመ። እኔ ምሳ መስሎኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ከዛ እኔ ነኝ የጮህኩት፣ «ማን ነገረሽ? ኖአም ነው? በስልክ ነገረሽ አይደል?»

«ማንም አልነገረኝም። እሱ እኮ ነው የቸገረኝ።»

ከዛ ነገረችኝ። ያን ቀን ሆስፒታል፣ ድንቅነሽ በር ላይ የቆመች ቀን። «ሳምንት ሙሉ እጄን አልነካችም። ሰባቱ ሲሞላ መጥታ ሳመችኝ። ጉንፋን ሰባት ቀን ቆጥሮ አይለቅም፣ ልጄ። ሬሳ የነካ ሰው ነው ሰባት ቀን ቆጥሮ የሚነጻው። ድንቅነሽ ወጓን አትጥልም። ማንን ቀበረች አልኩ። በየቀኑ አንድ አንድ ሰው ገባ፣ ሁላችሁንም በየተራ አየኋችሁ። ያልመጣውም ያልደወለውም አንድ ሰው ነው።»

አየህ? እኔ አይደለሁም። የኔ አፍ አይደለም። የድንቅነሽ እጅ ነው። ያን ሁሉ የዋሸነው፣ እኔ ጥፍሬ እስኪደማ የቧጠጥኩት፣ መጀመሪያም አልቆ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?»

«ደከማችሁበት። እንዴት ላፍርስባችሁ? አንቺ በየማታው ሰላም ብሎሻል ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዛ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ደሞ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ለብቻዬ ባለቅስ ጎረቤት አበደች ይለኛል። መርዶ ወግ አለው። በጠዋት ሰው ሰብስቦ ይነገራል፣ ከዛ ይለቀሳል። እስካሁን እዚህ ተቀምጧል» ብላ ደረቷን፣ የተሰፋውን ቦታ፣ ነካችው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ልቅሶዋን ይዛብን ቆየች። በተሰፋ ልብ። እኛ እንዳትደነግጥ ስንል።

«ቁረጪው» አለችኝ። «ውዱ ሣር አስረዝሞ አያውቅም ነበር።»

ወጣሁ። ሳህኑን አወረድኩ። ቀስቷ ከጀርባዬ ቆማ፣ እማ ከጎን ቆማ፣ ቀስ እያልኩ ገባሁ። መሃል ላይ፣ ከቢላዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሣሩ ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር አየሁ። እግሬን አነሣሁ። ቆመች። የሱ የሣር ባርኔጣ ነው፣ ሣሩ በቀዳዳው አልፎ በቅሎበታል። በአሮጌዋ ቢሆን ጎማው ረግጦት፣ ቢላዋ በልቶት፣ ከኋላ ሲተፋ ነበር የማየው።

ወርጄ ሣሩን እየነቀልኩ አወጣሁት፣ ለእማ ዘረጋሁላት። እጇ ወደሱ ሄደ። ከዛ ወደ ኋላ መለሰችው።

«አላየሁትም» አለች። «ኖአም ሲነግረኝ ትሰጪኛለሽ።»

ይህን ነው የምትፈልገው። እሁድ ጠዋት፣ በማለዳ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተህ አንተ እንድትነግራት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ አለች። እሷ እንደማታውቅ ሆና ትቀመጣለች። አንተም ማወቋን እንደማታውቅ ሆነህ ትነግራታለህ። «ማወቄን እንዳትነግሪው» ብላኛለች፣ እኔም ይኸው እየነገርኩህ ነው፣ አፌ አያርፍም አላልክም? አሁን ግን ሆን ብዬ ነው የምነግርህ። ሰበብ ፈልገህ ሳምንት እንዳታስተላልፈው።

የጻፍኩትን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሃለሁ። ማንበብ አልችልም እንዳትለኝ። ዶድ ውዱ ሁለታችንንም በአንድ ዱላ ነው ያስተማረን። ፊደል በፊደል እየቆጠርክም ቢሆን አንብበው።

አሁን መጋዘኑ ደጃፍ ነኝ። ባርኔጣው ማሽኗ ወንበር ላይ ነው፣ እማ ጀርባዋን ሰጥታው ብርቱካን ትልጣለች። ስልኩ ካፖርቱ ውስጥ ዝም ብሏል፣ ዛሬ አልደወለችለትም። ያንተን ጥሪ ነው የምትጠብቀው። ሰንበት ከገባች ስልክ አትነካም፣ ታውቃታለህ። ሰንበት ደሞ ኀዘን አይወራም። ከዛ ወዲያ ሽማግሌዎቹን የሚሰበስብ፣ አንተንም ከባሲስ የሚያስወጣ ጊዜ የለም።

ለአዛዥህ የፈለግከውን በለው። ጥበቃህን ለሌላ ስጥ። ለእሷ ደውልና «እማ፣ እሁድ በጠዋት እመጣለሁ» በላት፣ ሌላ ምንም አትበል፣ ይገባታል። ከዛ ለኔ። ጥላው ጥጉ ላይ ደርሷል፣ ኖአም። ክፉ ከሆነ ነገ የሚለው ሰውዬ ሞቷል። ፀሐይ ሳትገባ ደውል።